በታደሰ ሳንባ ላይ የታየው ጠባሳ

ኅዳር 4 ቀን 1956 ዓ.ም. ጠዋት

መርፌ ተወጋሁ። ጆሮዬ ይጮኻል። ዳቦና ሻይ መጣ፤ ግማሹን ተውኩት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ይገባል። መዝጋት ክልክል ነው፤ ንጹሕ አየር ለሳንባ ደግ ነው ይላሉ። ይሁን።

ዛሬም ምንም አይሰማኝም ደብተሬ። ት/ቤቱን አስባለሁ፤ ተማሪዎቼን አስባለሁ። የሌላ ሰው ተማሪዎች ይመስሉኛል።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ባሌ ታደሰ መጣ፤ ልጃችንን ሶስናን ይዞ። ልጅ ወደ ሕሙማን ክፍል አይገባም። ከአጥሩ ወዲያ ቆማ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ክንዴ ከባድ ነው።

ታደሰ ከስቷል። ራሱ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሳለ የገዛ ኮቱ ሰፍቶት ከላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሳል ያዘው። ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሮ ሳለ፣ ሳለ። መሐረቡን ቶሎ ኪሱ ከተተ።

መቼ እንደ ጀመረው ጠየቅኩት። ብርድ ነው አለ። ተመርመር አልኩት።

«ልብስ ሰፊው ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል ከተባለ ቀበና ውስጥ ማን ጨርቅ ይሰጠኛል? ደግሞስ ቢይዘኝ ከማን ነው?»

እናቱም የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ በሽታውን ቤታቸው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለሶስናም ነግረዋታል።

ሶስና የምትተኛው ከእሱ ጋር ነው፤ አንድ አልጋ ላይ። መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም። እራት በላሁ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት በኋላ

ዶ/ሩ ሲዞሩ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ሰው ይህን ጀርም ተሸክሞ ሳይታመም ይኖራል ወይ? አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በራጄ ፖስታ ጀርባ ላይ እየሳሉ አስረዱኝ።

ሳንባ ውስጥ ጠባቂ ሴሎች አሉ። ጀርሙ በትንፋሽ ሲገባ ይውጡታል። ሌላውን ጀርም ውጠው ይፈጩታል፤ ይኼኛው ግን ተውጦም አይሞትም። እዚያው ውስጣቸው ይኖራል፣ ይባዛል። ያን ጊዜ ሌሎች ሴሎች ለእርዳታ ይመጣሉ፤ ተጠጋግተው ዙሪያውን ይከቡታል፣ እንደ ግንብ። ግንቡ ከጸና ሰውየው ጤነኛ ነው። ከዓመታት በኋላ ቦታው እንደ ኖራ ይደርቃል፤ በራጅ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። ግን ውስጡ ያልሞተ ጀርም ሊኖር ይችላል። ሰውነት ሲደክም ግንቡ ይፈርሳል።

«የእርስዎ ፈርሷል፤ አሁን መድኃኒቱ ሴሎቹን እያገዘ ነው» አሉኝ።

ስለ ታደሰ ነገርኳቸው። ቶሎ ይምጣ፣ ልጅቷንም ያምጣት አሉ።

ቀበና ለምትኖረው ሲስተር መልእክት ሰጠኋት። «ለምርመራ ካልመጣህ ሶስናን እኅቴ ትወስዳታለች» በለው፣ ይኼን ብቻ አልኳት፤ አፌን አዳልጦኝ ነው እሷን እንደ ወንድ ያናገርኳት። አልሳቀችም።

ኅዳር 11

መጣ። ተቆጥቷል። ሰላም ሳይለኝ አለፈ። አክታ ሰጠ፣ ራጅ ተነሣ። ሶስና ክንዷ ላይ የምርመራ መርፌ ተወጋች፤ እሷም ራጅ ተነሣች። ስታለቅስ ከሩቅ ሰማሁ። ግድግዳውን አየሁ። ቀለሙ ተላልጧል።

ኅዳር 13

ታደሰን ይዞታል። ወንዶቹ ክፍል አልጋ ተሰጠው።

የሶስና ክንድ አብጧል። ሴሎቿ ጀርሙን ያውቁታል ማለት ነው አሉኝ ዶ/ሩ፤ ራጇ ግን ንጹሕ ነው፣ ግንቡ ይዟል። እንዲጸናላት ኪኒን ትወስዳለች። እኅቴ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ጻፍኩ። እንደ ተማሪ የቃል ጽሕፈት ነው የጻፍኩት። ነገ ይሰማኝ ይሆናል።

ከዚያ ዶ/ሩ ቢሯቸው ውስጥ የታደሰን ራጅ አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ከላይ በቀኝ በኩል ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ። አጠገቧ ደመና የመሰለ አዲስ ቁስል።

«ይህች ነጥብ አሮጌ ናት። ከጋብቻችሁ በፊት የነበረች ሳትሆን አትቀርም።»

ታዲያ ከማን ወደ ማን ነው? አልኳቸው።

«ያንን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህችን ግን እርስዎ አልሰጧቸውም።»

አመስግኜ ወጣሁ። በኮሪደሩ ላይ የት እየሄድኩ እንደሆነ ጠፋኝ።

ኅዳር 15

በረንዳው ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ታደሰ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የሆስፒታሉን ፒጃማ ለብሷል። እጅጌውን ገልብጦ ስፌቱን መረመረና፣ ይህን የሰፋው ሰው መታሰር አለበት አለ። ሳቅኩ። ሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። አውቀሽ አላስያዝሽኝም።»

እሺ አልኩት። ተነሥቼ ገብቼ ተኛሁ። ቁጣ የለም። ደረቴ ውስጥ ጥጥ የተጠቀጠቀ ይመስላል።

ማታ

እራት አልበላሁም። ወስኛለሁ ደብተሬ።

ነገ ጠዋት ዶ/ሩን እለምናቸዋለሁ። ራጁን ለራሱ ያሳዩት፤ ለእኔ እንዳስረዱኝ ያስረዱት። ልወቅሰው አይደለም። እሱም አያውቅም ነበር። ግን በሚመጣው እሑድ እናቱ ሲመጡ፣ ሶስናም አጥሩ ጋ ባለችበት፣ በሽታውን መጀመሪያ ያስያዘችኝ እናትሽ አይደለችም ብሎ መናገር ያለበት እሱ ነው። በገዛ አፉ።

እምቢ ካለ እኔው እነግራቸዋለሁ።