«በቅርቡ» የምትለዋ ቃል

ለልጄ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? ያቺ የማትስቀው አሠሪሽስ እንዴት ይዛሻለች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ስነሳ እንጂ ስቀመጥ አያስቸግረኝም። ቤቱ ግን ደህና አይደለም። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ለዚህ ነውና አትቀየሚኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «በቅርቡ እመጣለሁ» ብለሻል። ከዚያ በፊት በነበረውም፣ ከዚያም በፊት። አንብቤላት ስጨርስ ልጅሽ መሥሪያ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ፣ «አባባ፣ በቅርቡ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። አርባ ዓመት በአናጺነት ስኖር መለኪያ ያጣሁለት ነገር ይህ ብቻ ነው። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። ደብዳቤሽን እንደገና ገለጥኩና የሌለበትን አነበብኩላት፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እመጣለሁ ትላለች አልኩ።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያልኩ ያሳደግኩሽ ሰውዬ። አንድ ገጽ ሳታነቢ እራት ቀርቦልሽ አያውቅም፤ እንግዳ ቢመጣም፣ መብራት ቢጠፋም። ያኔ አባቴ እንደ ምስማር ደረቅ ነው እያልሽ ለጎረቤት ታሚኝ ነበር። ልጅሽንም እንዲሁ ነው የያዝኳት። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ መጋዝ ሳላነሳ፣ አንድ ገጽ። አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት ጫማዋን ራሷ ወልውላ በሩ ላይ ተቀመጠች። ለምሳ ብጠራት ከእናቴ ጋር ነው የምበላው አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገባችና ከመሳቢያዬ ደብዳቤሽን አወጣች። እኔ እንዳስተማርኳት ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ እዚህ እኮ በቅርቡ ነው የሚለው» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ምግቡን ትነካካለች እንጂ አትበላም። አንገቷ ቀጥኗል። ደህና አደርሽ ስላት ግድግዳውን ታያለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ከግንድ ጋር ስትውል ግንድ ሆነህ ቀረህ! ከረሜላ ግዛላትና ይለፍላት» ትለኛለች። የተሰነጠቀ ጣውላ ቀለም ቢቀቡት አይጠገንም አልኳት። አንቺ ቃልሽን ብዙ ጊዜ አጥፈሻል፤ ልጅቷ ለምዳዋለች። እኔ ያጠፍኩት አንዴ ነው፤ የሰበራት ግን የኔው ነው። የምትደገፈው እኔን ነበራ። አሁን የተናገርኩትም ጠፋ፣ የወለድኩትም እየጠፋብኝ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን ቃል ከኔ ሰምተሽ እንደማታውቂ አውቃለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬም በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጽሐፉን ይዤ እቀመጣለሁ። አትመጣም። ገጹን ጮክ ብዬ ለባዶው በርጩማዋ አነባለሁ። ዛሬ ጠዋት ዓይኔ ደክሞ አንድ ቃል ዘለልኩ። ከበሩ ጀርባ «ዘለልክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላ አልጨመረችም። ተመለስኩና ቃሉን አነበብኩ። ገጹን እስከ መጨረሻው አደረስኩት።

ልጄ፣ በዕድሜዬ ለምኜሽ አላውቅም፤ አሁን እለምንሻለሁ። የምትመጪበትን ቀን ጻፊላት። ሁለት ዓመት ከሆነም ሁለት ዓመት በዪ። የማታውቂው ከሆነ አላውቅም በዪ። እሁድ እሁድ እደውላለሁ ካልሽ በየእሁዱ ደውዪ፤ የማትዘልቂው ከሆነ አትጀምሪው። ያቺን «በቅርቡ» ግን ዳግመኛ ወደዚህ ቤት አትላኪያት። አሁን ደብዳቤሽን የምታነበው ራሷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ናፍቀሻታል፤ ወገብሽን በጨርቅ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው ብላለች። ታናሽ ወንድምሽ ከሥራ ሲመለስ ስላንቺ ሳይጠይቀኝ አይገባም፤ እሱም ሰላም ብሎሻል። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ልጅሽ ሰላም በልልኝ አላለችም። ድሮ ሳትልም ብላለች እያልኩ እጽፍልሽ ነበር፤ የደብዳቤ ወግ ነው ብዬ። ከእንግዲህ አልጽፍም። ያለች ቀን ግን በዚያው ቀን እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ
ከአናጺ ቤቱ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ እሁድ