ተጠቃሚው ማን ነው?

ጥር 12

ዛሬም ስብሰባ። ድርጅታችን ከውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን ያስመጣል... ያስመጣል ይባላል እንጂ ካቻምና የመጣው አንድ ነው። አሁን ድረ ገጽ ይሠራ ተባለ። ሥራው ለእኔ። "ተጠቃሚ ተኮር ይሁን" ይላል የተሰጠኝ ደብዳቤ።

"ተጠቃሚው ማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዓምደ ሚካኤል ትንሽ አሰቡና፣ "ቦርዱ" አሉ።

ከዚያ ገጹ ላይ ስለሚወጣው የእሳቸው ፎቶ መጠን ሁለት ሰዓት ተወያየን።

ጥር 15

ፎቷቸውን ጣና ዳር እንዲነሡ ተወሰነ። ከኋላ የሐይቁ ወፍ ፔሊካን ቢታይ ጥሩ ነው ተባለ። ፔሊካኑን ማን ያስቁመው?

ጥር 21

ዘንዘልማ ሄድሁ፣ የሚመጣው መምህር የሚመደብበት ትምህርት ቤት። መምህርት አገርነሽ ብቻቸውን አራት ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። በአንዱ ክፍል ብቻ ሰባ ስምንት ልጅ!

"ምን ዓይነት መምህር ይምጣልዎ?" አልኋቸው።

"የሚቆይ። ያለፈው ሦስት ሳምንት ቆየ። ልጆቹ ስሙን መጥራት ሲለምዱ ሄደ። ከዚያ እኔ ስገባ ቅር አላቸው፣ ልጄ።"

ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

የካቲት 3

የድረ ገጹን ረቂቅ በቪዲዮ ጥሪ ለአንዲት አመልካች አሳየሁ። ሺባ ትባላለች፣ ሕንዳዊት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች። ማመልከቻዋ ከሰኔ ጀምሮ ያለ መልስ ተቀምጧል። ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት፣ የሥራ አስኪያጁ መልእክት... ሁሉንም በትዕግሥት አነበበች። ከዚያ፣

"የምኖርበት ቤት ውሃ አለው?"

የትኛውም ገጽ ላይ የለም። ወላሂ፣ አፈርሁ።

ለአቶ ዓምደ ሚካኤል ነገርኋቸው።

"ሕንድ ናት እንዴ? ጀሊላ፣ ቦርዱ እኮ የሚጠብቀው ፈረንጅ ነው!"

"የምንፈልገው መምህር ነው ወይስ ፈረንጅ?" ከአፌ አመለጠኝ።

ነገ እባረር ይሆን?

የካቲት 4

አልተባረርሁም። ስብሰባ ተጠራ።

መጋቢት 9

ገጹን እንደ አዲስ ጻፍሁት። "ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ስምንት ልጆች አሉ። ከአንድ ዓመት በታች ለመቆየት ካሰቡ ይቅርብዎ።"

"ይህን አንብቦ ማን ይመጣል?" አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

"ሺባ አንብባዋለች። እመጣለሁ ብላለች።"

ገጹን እንደገና አነበቡ። በመጨረሻ፣ "ፎቶዬ ግን ከላይ ትሁን።"

ትሁን።

ጥቅምት 2

ከስንት ወር የቪዛ ምልልስ በኋላ ሺባ ገባች፣ አልሐምዱሊላህ። አቶ ዓምደ ሚካኤል አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። ቦርዱ ፎቶ ተነሣ። አንድ የቦርድ አባል ጠጋ ብሎ፣ "ፈረንጇስ መቼ ነው የምትመጣው?" አለኝ።

ጥቅምት 19

ዘንዘልማ ብቅ አልሁ። ሺባ ታስተምራለች፣ ልጆቹ ባንድ ድምፅ ይከተሏታል። መምህርት አገርነሽ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ በሁለት ልጆች መሃል ተጣብበው፣ ደብተር ዘርግተው ይጽፋሉ።

ጎንበስ ብዬ፣ "እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አልኋቸው።

"እየተማርሁ ነዋ! ዝም በይ፣ አትረብሺኝ።"