ከእህቴ ሠርግ ስላዳኑኝ

ለተከበሩ የኢሚግሬሽን መውጫ መስኮቶች የበላይ ኃላፊ፣
አየር ማረፊያ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውለው ወገብዎ ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ጥበቃ ደህና ነኝ፤ ይኸው ከቤቴ፣ ከሚያጋኦ ከተማ ንቅንቅ አላልኩም።

ማን እንደሆንኩ ባያስታውሱ አልቀየምም፤ በቀን ስንቱን እንደሚመልሱ አውቃለሁና። ሶሌዳድ ፍሮንዳ ማግባኑዋ እባላለሁ። የስድሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ባሌ የሞተብኝ፣ በፊሊፒንስ፣ በኢሎኢሎ ገጠር ሠላሳ ስድስት ዓመት አራተኛ ክፍል ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ካርታ ሰቅዬ ጎረቤቶቻችንን ለልጆቹ ሳሳይ፣ «ቬትናም በሉ፣ ታይላንድ በሉ፣ እኛ ፊሊፒኖዎች ያለ ቪዛ እንገባለን፤ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» እል ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ «ቲቸር፣ እርስዎ ሄደው ያውቃሉ?» ቢለኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እሄዳለሁ፤ ምን ያስቸኩልሃል!» አልኩት።

የምሄድበት ምክንያት የመጣው ባለፈው ጥር ነው። ታናሽ እህቴ ኔኒታ ዳናንግ በምትባል የቬትናም ከተማ ሕፃናት ስታስተምር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ሁላችንም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ ካንግ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ልታገባ ሆነ። እናት አባታችን የሉም፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በስልክ «እትዬ፣ እጄን ይዘሽ ካላስገባሽኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ቀርተሽ ግን ወዮልሽ!» አለችኝ። ሠርጉ ቅዳሜ፣ በረራዬ ዓርብ ጠዋት ነበር። የደርሶ መልስ ትኬቴን፣ የጥሪ ካርዱንና ሦስት ወር ሙሉ በእጄ የሸመንኩትን የሙሽራ ዓይነ ርግብ ይዤ መስኮትዎ ፊት ቀረብኩ። እንግዲህ ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ስም ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፤ እናት ትኖረዋለች።

«እማማ፣ ቬትናም ምን ሊያደርጉ ነው?» አለኝ።

«የእህቴ ሠርግ ነው ልጄ።»

«እህትዎ ከሆነች የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?»

«አግብቼ ነዋ! ፍሮንዳ የሚለው መሃል ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ባልዎ ታዲያ የት አሉ?»

«ከሞተ አራት ዓመቱ።»

«የሞት ምስክር ወረቀት ይዘዋል?»

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሠርግ ስሄድ የባሌን የሞት ወረቀት መያዝ እንደሚገባኝ ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ሞኝ ሽቶና መሃረብ ብቻ ይዤ መጣሁ። «ከዚህ በፊት ውጭ አገር ሄደዋል?» አለኝ። አልሄድኩም አልኩት። «ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሄዱ ዛሬ ለምን?» ሲለኝ እንደገና «ሠርግ» አልኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። በር ወዳለው ክፍል ተወሰድኩ፤ አራት ገጽ ቅጽ ሞላሁ፤ ከዚያም አንዲት ሴት ባልደረባችሁ «ስልክሽን ከፍተሽ ስጪኝ» አለችኝ። አላንገራገርኩም። ተማሪዎቼን ሕግ አክብሩ እያልኩ ነው ያረጀሁት። እህቴ የጻፈችልኝን አንድ በአንድ እያነበበች ለወጣቱ አሰማችው።

«ስማ፣ ‘ሌሊቱን አልተኛሁም እትዬ፣ እንደ ልጅ ልቤ ይመታል’ ትላለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው ሙሽሪት?»

«ሃምሳ አንድ!»

«ኧረ ምን አስቸኮላት!»

ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው። የእህቴ ምስጢር በሰው አፍ ሲላገጥበት፣ ያሳልፉኝ ይሆናል ብዬ ፈገግ አልኩ። ያን ጊዜ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ የመጨረሻ ጥሪ። ብድግ ስል ወጣቱ «ይቀመጡ እማማ፤ ለራስዎ ደህንነት ነው። የሰው ነጋዴዎች በዝተዋል፤ አታለው ይሸጡዎታል» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሚገዛኝ ይኖራል ብሎ በማሰቡ ብቻ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ሻንጣዬን ከአውሮፕላኑ አውርዳችሁ መልሳችሁልኛል። አንድ ክር አልጎደለውም።

እህቴ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመች። መቅረቴን ደውዬ ነግሬያት ነበር፤ ነገር ግን «እትዬን አውቃታለሁ፤ በሌላ በረራ ትመጣለች» ብላ አልገባም አለች። ኋላ ቄሱ ራሳቸው ወጥተው «ልጄ፣ እንግዶቹ ደከሙ» ሲሏት፣ ያለ ዓይነ ርግብ፣ ያለ ሰው፣ ብቻዋን ገባች። ፎቶውን ልካልኛለች። የግራ እጇን አንድ ሰው የያዘላት ይመስል ከጎኗ ትንሽ ራቅ አድርጋዋለች።

ከሁለት ወር በኋላ ሙሽሮቹ ሊጠይቁኝ መጡ። ካንግ ከመርከብ ይሁን ከጨረቃ እንደመጣ የሚያውቅለት የለም፤ ቋንቋችንንም አይናገርም። አገራችን ያለ ቪዛ ተቀበለችው፤ መስኮቱ ላይ የቆየው አራት ደቂቃ ነው። «እንኳን ደህና መጣህ፤ ተዝናና» ብለውታል። ጓዳዬ ገብቶ የሩዝ ድስቴን እያጠበ «እትዬ፣ ለምን አልመጣሽም?» ብሎ በእህቴ አፍ ሲጠይቀኝ፣ ታምሜ ነው አልኩት። አገሬን ለባዕድ ማማት አልወደድኩም። እህቴ ግን አልተረጎመችለትም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ክቡር ሆይ፣ የቬትናም ሰው ቢመልሰኝ ኖሮ ባዕድ ነው፣ አያውቀኝም ብዬ እተወው ነበር። እነሱ ግን በራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። የመለሰኝ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰንደቁን ያሰቀልኩለት፣ መዝሙሩን ለሕፃናት ያስጠናሁለት የገዛ አገሬ ነው። ባልዋሽ ኖሮ ለልጆቹ «ጎረቤት ያስገባናል፤ የሚያስወጣን ግን የለም» ብዬ ባስተማርኳቸው ነበር።

ለደህንነቴ ያሳዩትን ትጋት እስከ ዕለተ ሞቴ ሳልረሳ፣ ምስክር ወረቀቱንም ቀድሜ እንደማዘጋጅ ቃል እየገባሁ፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በእርስዎ ቸርነት አገሯ ውስጥ በሰላም የቀረችው፣
ሶሌዳድ ፍሮንዳ ማግባኑዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔ በተመለስኩ በሳምንቱ የጎረቤቴ የዶሚንጋ ልጅ ማይሊን፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ የሆቴል ሥራ አገኘሁልሽ ካላት ሰው ጋር በእርስዎው መስኮት አለፈች። ሰውየው አጎቷ ነኝ ብሎ የተሟላ ወረቀት አቅርቧል፤ እኛ እዚህ አይተነው አናውቅም። «እማ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም፤ ምንም አልጠየቁኝም» ብላ ከውስጥ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ተዘግቷል፤ ሦስተኛ ወሩ ነው። ዶሚንጋ ፖሊስ ጣቢያ ትመላለሳለች፤ «ወረቀቷ ሙሉ ነው» ይሏታል። ክቡር ሆይ፣ ከእኔ የተረፈ ጥንቃቄ ካለዎት፣ እባክዎ ይህችን ልጅ ይፈልጉልን።