ከድልድዩ ማዶ የበራ ስልክ

እሑድ

ኢንተርኔቱ እንደገና ጠፋ። በዚህ ዓመት ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ሙሉጌታ ጠዋት በሸሕዲ ሚኒባስ ሄደ፤ ነገ ክፍል አለው። ባሌ ሸሕዲ ያስተምራል፣ እኔ እዚህ መተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። በሳምንቱ መሐል በስልክ ኢንተርኔት ሉዶ፣ ያን የዳይስ ጨዋታ፣ እንጫወታለን፤ እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። ወሬ የማያበዙ ባልና ሚስት ግን በሉዶም ይነጋገራሉ።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ አሉ። ሸሕዲ ጎማ እየተቃጠለ ነው፣ ተኩስም አለ። አንድ ጊዜ ደወለልኝ። ደርሻለሁ፣ ከቤት አልወጣም፣ አንቺም አትውጪ አለኝ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ሰኞ

ቁስለኞች በትራክተር ተጎታች ተጭነው መጡ። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃም የወረዱ ሳሉጎች ናቸው። ማን እንደተኮሰባቸው እንኳ አያውቁም። አንዱ እግሩን ስሰፋለት "ሲስተር፣ እኛ ለማጨድ ነው የመጣን" ይለኛል ደጋግሞ፣ እኔ የከሰስሁት ይመስል። ጓንት አልቋል። ግሉኮስም አልቋል። አምቡላንሱ ወደ ጎንደር መውጣት አይችልም።

ሬዲዮው አካባቢው ወደ ቀድሞ ሰላሙ ተመልሷል አለ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ተነሥቶ አጠፋው።

የሙሉጌታ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ከቁስለኞቹ አንዱ ወታደሮች መምህራኑን ከየቤታቸው እየለቀሙ ነው ብሎ ነገረኝ።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን ሐጂ እድሪስ ድንበሩ ድልድይ አጠገብ ካላቸው ሱቅ የሱዳን ሲም ካርድ ገዛሁ። እዚህ ሸሪሃ ነው የምንለው። የእኛ መስመር ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ የማዶዋ የሱዳን ከተማ የገላባት ኔትወርክ እስከዚያ ይደርሳል። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ፖሊሱ ሳይቀር ስልኩን ወደ ሱዳን አዙሮ ቆሟል። በገዛ አገራችን የሆነውን ለማወቅ የሰው አገር ኔትወርክ እንለምናለን።

ሶሻል ሚዲያውን ከፈትሁ። ምነው ባልከፈትሁት። ተከታዩ የበዛ አንድ ገጽ ላይ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ፎቶ አለ። ፊቱን በጨርቅ ሸፍነውታል፣ የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ከሥሩ "የሸሕዲው መምህር ሙሉጌታ" ይላል። ሙሉጌታ እንዲህ ያለ ሸሚዝ አለው። ግን የቆላው ግማሽ ሰውም አለው፤ ሁሉም ከአንድ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ የወጣ ነው።

ለገጹ ባለቤት ጻፍሁለት። ሚስቱ ነኝ፣ ፎቶውን ከየት አገኘኸው አልሁት። ውጭ አገር ነው የሚኖረው። "እህቴ በርቺ፣ ደሙ ከንቱ አይቀርም" ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፣ ዝም አለ። ሬዲዮው የሞተ የለም ይላል፤ ይኼኛው ደግሞ የሞተ ሰው ይፈልጋል። ባሌ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን ከሁለቱም የለም።

ረቡዕ

አዲስ አበባ ያለችው እህቱ ያንን ፎቶ አይታ ለእናቱ ደውላለች። እናቱ ያሉበት ጭልጋ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። እንደ ምንም መስመር አግኝቼ ስደውል የሰማሁት ዋይታ ብቻ ነው። እናቱን እማማ ትርንጎን ማናገር አልቻልሁም።

ከሥራ ወጥቼ ወደ ድልድዩ ወረድሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሉዶውን ከፈትሁት። ከሙሉጌታ ስም አጠገብ አረንጓዴው መብራት በርቷል።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጨዋታ ጋበዝሁት፣ ገባ። "አለህ?" ብዬ ጻፍሁ። እሱ ግን ይጫወታል ብቻ። ሙሉጌታ ስድስት በወጣለት ቁጥር አዲስ ጠጠር ያስገባል። ይኼ ግን አንዷን ይዞ ይሮጣል። ትንሽ እንደሄድን እሱ እንዳልሆነ አወቅሁ። ያም ሆኖ እስኪያሸንፈኝ ተጫወትሁ፤ ካቆምሁ መብራቱ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።

ሲያሸንፈኝ በዐረብኛ ጻፈልኝ።

ሐሙስ

ጽሑፉን ለሐጂ እድሪስ አሳየኋቸው። ጥሩ ትጫወቻለሽ፣ እንድገም ነው የሚለው አሉኝ። እንግዲህ ስልኩ ሱዳን ገብቷል ማለት ነው፤ ከዚህ ወገንማ ኢንተርኔት የለም። ስልክ ድንበር የሚሻገረው ወይ ከባለቤቱ ጋር ነው፣ ወይ ከሬሳ ኪስ ወጥቶ ነው።

ሐጂ በዐረብኛ ጻፉለት። ልጄ፣ ይህ ስልክ የዚች ሴት ባል ንብረት ነው፣ የሚከስህ የለም፣ ከማን እንደገዛኸው ብቻ ንገራት አሉት። መብራቱ ወዲያው ጠፋ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ሐጂ የሱቁን በር ገርበብ አደረጉና ገላባት ላለው ለእህታቸው ልጅ ደወሉ። የስልክ ነጋዴዎቹ አንድ መደዳ ላይ ናቸው፣ ሁሉንም ይጠይቅልናል አሉኝ።

ዓርብ

ሰውየው ራሱ ጻፈ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ መሆን አለበት። ስልኩን የገዛበትን ሱቅ ነገረን፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። የሐጂ የእህት ልጅ ሄዶ ባለሱቁን አገኘው። ስልኩን የሸጠልኝ ሐበሻ ነው፣ አንድ እጁን በጨርቅ አስሯል፣ ከዚህ ወደ ውስጥ ወደ ዶካ ከተማ የሚሄድ ሎሪ ላይ ወጣ አለው።

ሐበሻ፣ እጁን በጨርቅ ያሰረ። በዚህ ሳምንት እንዲህ ሆኖ ያልተሻገረ ማን አለ? ሐጂ ዶካ ላለ የሰሊጥ ደንበኛቸው ደውለው መልኩን ነገሩት። ከጁምዓ ሲመለሱ ዐይን ዐይናቸውን አየሁ። ገና ነው አሉኝ።

ያ እግሩን የሰፋሁለት ሳሉግ ዛሬ ሞተ። ደም አልነበረንም።

ቅዳሜ

ሙሉጌታ ደወለ፤ ከዶካ፣ በሐጂ ደንበኛ ስልክ።

"እኔ ነኝ" አለ። ሌላ ሰው እንዳይሆን ፈርቼ እንደገና በለው አልሁት። መምህራኑን ሊወስዱ ሲመጡ በጓሮ ዘሎ፣ የአጥሩ ሽቦ እጁን ቀዶት፣ ከሳሉጎች ጋር በሰሊጥ ማሳ ውስጥ ለውስጥ በእግሩ ተሻግሮ፣ ስልኩን ለሎሪ መሳፈሪያ ሸጧል። ስሙ ስለተያዘ አሁን መመለስ አይችልም። ስለ ፎቶው አልሰማም ነበር። ስነግረው "እናቴስ?" አለኝ።

እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቼለት ጭልጋ ደወልሁ፤ እግዜር ሲረዳኝ መስመሩ ገባ።

"እማማ፣ ሙሉጌታ በሕይወት አለ። ዛሬ አናግሬዋለሁ።"

አስማሉኝ፣ ቤተ ዘመዱን ጠሩ፣ አለቀሱ፣ እልል አሉ። ድምፁን ሳልሰማ አላምንም ሲሉ እሱም ይደውልልዎታል አልኋቸው። ስልኩን ሊዘጉ ነው ስል ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ልጄ፣ ታዲያ ያ የማን ልጅ ነው?"

"የቱ እማማ?"

"ሦስት ቀን ያለቀስሁለት።"

አላውቅም አልኋቸው። የዚያ ልጅ እናት እስክትሰማ ድረስ ድንኳኑ አይፈርስም፣ ሰው ያልቅስለት አሉ።

ፎቶው እስካሁን በሙሉጌታ ስም ገጹ ላይ አለ። አንሣው ብዬ ጽፌያለሁ። የተዘጋው ድልድይ ሰኞ ለእግረኛ ይከፈታል ይላሉ። ሙሉጌታ ነይ ብሎኛል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ገና ያልተነሡ ቁስለኞች አሉብኝ። እሺ አላልሁትም። እምቢም አላልሁትም።