የዘጠኝ መቶ ዓመቱ ኤሊ

ጥቅምት 4
ማለዳ መናኸሪያ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ማይክራፎኑን መታ መታ አድርጌ አውቶቡሶቹን አስነሳሁ። "የቁጥር ሰባት ተሳፋሪዎች፣ ወደ በር ሦስት..." ሃያ ሁለት ዓመት። ድምፄን የሰማ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ቤት ውስጥ ግን... ጨው አቀብሉኝ ብል እንኳ የሚሰማኝ የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ቢሮዬ ድረስ መጣች። የካርቱን ፊልም ዳይሬክተር ነኝ አለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ሰምታኝ ኖሯል።
"ጋሼ፣ ኤሊ ይሆኑልኛል?"
ስድብ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 6
ለካ ተራ ኤሊ አይደለም! ዘጠኝ መቶ ዓመት የኖረ፣ ጥላዋ የጠፋባትን ልጅ የሚመክር ጠቢብ ነው። ልጅቷ ግራ በገባት ቁጥር እሱ ዘንድ ትሄዳለች። እሱ ደግሞ መልስ አያጣም። ታዲያ ለዚህ ከእኔ የተሻለ ማን ይገኛል?

ይህችን ጮክ ብዬ ባልናገራት ጥሩ ነበር። ባለቤቴ፣ "ዘጠኝ መቶ ዓመት ኖረህ መነጽርህን የት እንዳስቀመጥክ አታውቅም?" አለችኝ። ግንባሬ ላይ ነበር።

ጥቅምት 11
የመጀመሪያ ቀረጻ። ክፍሉ ቁም ሣጥን ያክላል፤ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ። ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ፦ "ልጄ ሆይ፣ ጥላሽ የሸሸሽ አንቺ ከብርሃን ስለሸሸሽ ነው..."
ዳይሬክተሯ ከመስታወቱ ማዶ ጭንቅላቷን ያዘች።
"ጋሼ፣ ኤሊው እየመከረ ነው እንጂ አውቶቡስ እያስነሳ አይደለም።"
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደገምኩት። በሃያኛው "ይሁን" አለች። ተሳክቶልኝ ነው ወይስ ደክሟት?

ጥቅምት 15
ልጃችን ትዳሯን ትታ መጣች። ምን ሆነሽ ብንላት "ደክሞኛል" ብቻ።

እኔ መቼም ዝም አልል። እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ በኤሊው ድምፅ ጀመርኩ። ስለ ትዕግሥት... ስለ ቻይነት... የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለጣለችው ሴት... አርባ ደቂቃ! ባለቤቴ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አልገባኝም፤ ቀጠልኩ።
ልጄ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።
"አባዬ፣ በየትኛው በር ልሳፈር?"

ጥቅምት 19
ልጄ አታናግረኝም። "እንደምን አደርክ" ብቻ። የፊልሟ ልጅ ግን እያንዳንዷን ቃሌን ትሰማለች። ምን ታድርግ፣ ተጽፎላት ነው።

ጥቅምት 24
ድምፄ ተዘጋ። ጠዋት መናኸሪያ፣ ከሰዓት ኤሊ... ጉሮሮ አይደለም ብረትም አይችለው። ሐኪሟ በመብራት አይታ፣ "ሁለት ሳምንት አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ። ሹክሹክታም ቢሆን። አለዚያ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል" አለችኝ።
ፈራሁ። ያለ ድምፄ እኔ ምንድን ነኝ?
ባለቤቴ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ አመሰገነቻት። ከልቧ ነው።

ኅዳር 1
ደብተርና እርሳስ ይዤ እዞራለሁ። ምክሬን ጽፌ ቀና ስል ሰውየው የለም።

ዛሬ ልጄ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ መቆንጠጫ ላቀብላት ቆምኩ። ድንገት፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ጀመረች።
"አርግዤ ነበር፣ አባዬ። በሦስተኛው ወር ወረደብኝ።"
እጄ ላይ ያለው መቆንጠጫ ወደቀ።
"እሱ 'እግዜር ሌላ ይሰጠናል' ብሎኝ ሥራ ገባ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም። እናንተ ጋ ስመጣ ደግሞ... ሰው ሁሉ መልስ አለው።"
እርሳሴን አወጣሁ። ምን ልጽፍ ነበር? "እግዜር ሌላ..." ብዬ ልጽፍ ነበር! ያንኑ! እርሳሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አጠገቧ ቆሜ መቆንጠጫውን አንድ በአንድ አቀበልኳት። ሁለታችንም አለቀስን። የመጨረሻው ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተሰጣ።

ኅዳር 9
ድምፄ ተመለሰ። ግን እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል። ዳይሬክተሯ ደወለች፤ አፍራለች። ፊልሙ ሊቆይ ስላልቻለ ኤሊውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ነው አሉ። እኔ በፊልሙ የግንብ በር ጠባቂ ሆኛለሁ። ሁለት ንግግር አለኝ፦ "ማን ነው?" እና "ግቢ።"

ለቤተሰቡ ስነግር ሁለቱም ፍርስ አሉ። ልጄ ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ገና ዛሬ አየሁ። አኩርፌ መታጠቢያ ቤት ገባሁ... እዚያ ሆኜ ሳቋን ሰማሁ። ቶሎ አልወጣሁም።

ኅዳር 14
ባሏ እንነጋገር ብሎ ላከባት። "አብረኸኝ ና" አለችኝ። እናቷን አይደለም፤ እኔን።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ ስትናገር እሱ አቀርቅሮ ነበር። በኋላ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ስንት ምሳሌ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ! ሁሉንም በሻይ አወራረድኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአፌ የወጣው ለአስተናጋጇ ያልኳት "ድገሚኝ" ብቻ ነው። አምስት ሻይ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። በእግር እንሂድ አለች። ክንዴን ያዘች። ሁለት መንታ መንገድ አለፍን።
"ምን ተባባላችሁ ብለህ አትጠይቀኝም?"
"ልጠይቅሽ?"
"ትንሽ ቆይ።"
ቆየሁ።