«ሂጂ» ከማለቴ በፊት

ኅዳር 3
ትርኢት ነበር። የዱሮው ቴአትራችን። እናቲቱ እኔ ነኝ፤ ልጄን ሆና የምትሠራው ግን ዘንድሮ የመጣችው ናት። ጮሌዋ እላታለሁ፣ እዚህ ደብተር ላይ ብቻ። ዛሬም ድርሰቱ ውስጥ የሌለ ነገር ጨመረች። ሻንጣዋን እየዘጋች «እማዬ፣ አንቺንም አጣጥፌ ልክተትሽ?» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንደ ግንድ ተገተርኩ… ስንት ዓመት ቃል ሳላዛንፍ ሠራሁ። ማን ሳቀልኝ?

ኅዳር 6
ባሌ መጥቶ አየን። ራት ላይ «ልጅቷ ግን ጉድ ናት» አለ።
እኔስ?
«አንቺማ ያው አንቺ ነሽ።»
ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁ። ገና አልጨረሰም ነበር።

ኅዳር 9
ቀንቻለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።
የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። «ድርሰቱ በኮሚቴ የጸደቀ አይደል? ታዲያ ሁሉም እንዳሻው ከጨመረበት…» ስሟን አልጠራሁም። መጥራት ያስፈልጋል እንዴ?
ስወጣ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። «እትዬ፣ የካፖርትሽ ቁልፍ ሊወድቅ ነው። አምጪው ልስፋልሽ።» እምቢ አልኳት።

ኅዳር 12
ኃላፊው ሁላችንንም ሰበሰበን። ከእንግዲህ የጸደቀው ብቻ፤ መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። ጮሌዋ አቀረቀረች። ደስ አለኝ… እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም፣ መጨረሻ ላይ 'ሂጂ' ከማለትሽ በፊት የምትቆዪው ነገር አልተጻፈም።»
«እሱ እኮ ዝምታ ነው።»
«ዝምታም ቢሆን። ሰው ምን እንደሚያስብበት በምን እናውቃለን?»
እናቲቱ ልጇን ልትለቅ ስትል አፏ እምቢ ይላታል። እዚህ ቴአትር ቤት የራሴ የምላት ያቺ ዝምታ ብቻ ነበረች። ማንም ያስተዋለልኝ አይመስለኝም ነበር። «ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው» ትል ነበር እናቴ።

ኅዳር 15
ኃላፊው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጮሌዋ የተጻፈውን ብቻ አለች። ሻንጣው ተዘጋ፤ ማንም አልሳቀም። መጨረሻው ሲደርስ እንደታዘዝኩት ወዲያው «ሂጂ» አልኩ።
መውጣት ነበረባት። አልወጣችም። ሻንጣዋን እንደያዘች ዝም ብላ አየችኝ… ያችኑ የእኔን ዝምታ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ። አንዲት ሴትዮ ስታለቅስ ሰማሁ። ለእኔ እንዲህ ያለቀሰ ሰው ትዝ አይለኝም።
ከመጋረጃው ጀርባ ያዝኳት። «ከየት አመጣሽው?»
«ተማሪ ሆኜ እዚህ መጥቼ አይቼሽ ነዋ። እትዬ፣ ይሄን ሙያ የያዝኩት እኮ በሱ ነው።»
ነገ ጠዋት ቢሮ ተጠርታለች። ሊያግዷት ይችላሉ። አብሬያት እገባለሁ። መጀመሪያ ያሳበቅሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ይስሙት፣ እሷም ትስማው። ዝምታው ደግሞ የእኔ ነው። ቅጣቱንም ለእሷ አልተውላትም።