እጁ የተያዘው ግላይኮል

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከባድ መርዶ ይዤ ነውና ቁጭ በይ። ሕፃኗን ለአባቷ ስጪው፤ እሱም ቁጭ ይበል። ትልቁ የፋብሪካ ማብሰያችን ማክሰኞ ረፋድ ላይ በድንገት ታሞ ዙሪያውን ከበን ስናስታምም ዋልን።

አንቺ አራስ ከሆንሽ ወዲህ ፖሊስተሩን የምናበስለው ባንቺ ቀመር ነው። ከአሲዱ ጋር የምናጣምረው የለመድነው ግላይኮል አለቀና ሌላ ዓይነት መጣ። «ግላይኮል ያው ግላይኮል ነው፣ ጨምሩት» አለ ሻለቃ። (ፎርማናችን ይህ ስም እንደወጣለት እስካሁን አልሰማም፤ አደራሽን።)

ጨመርነው። መጀመሪያ ያልተጣመረው አሲድ መጠኑ ደህና ወረደ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ናሙና ቀድቼ እለካለሁ፣ ያው ነው። ደግሜ እለካለሁ፣ ያው። የሻለቃ ፊት ጠቆረ።

«የእህትህ ቀመር ጉድ ሠራን። ለፋብሪካው ባለቤት ደውዬ በሷ ቦታ ሌላ ሰው ፈልግ እለዋለሁ» አለና ወደ እሳቱ መቆጣጠሪያ ሄደ።

እትዬ፣ ተከተልኩት። እሳቱን ቢጨምረው ግላይኮሉ ተኖ ይወጣል፤ የሚቀረው ለማንም አይሆንም፤ ጥፋቱም ያንቺ ይሆናል። እኔና ኬሚስትሪ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ እንደተኳረፍን ነን። ያለኝ አንቺ ምሳ ሰዓት ላይ የነገርሽኝ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን እየሳቅኩ ነው የሰማሁት።

ጥግ ካሉት ጨርቅ የታጨቁ ከረጢቶች አንዱን አንስቼ ሻለቃን በአንድ ክንዱ አስታቀፍኩት።

«ጋሼ፣ ይጨብጡኝ።»

«አንተ ቀልማዳ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«ግድ የለም፣ ይጨብጡኝ።»

በነፃው እጁ ጨበጠኝ። «በዚያኛውስ?» አልኩት። ተንጠራራ፣ ከረጢቱ ገፋው፣ እንደምንም ጣቴን ያዘ።

«አዩ? ይጨብጣል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የድሮው ግላይኮል ሁለቱም እጁ ዳር ላይ ነው፣ ነፃ ነው። የአዲሱ ግን አንዱ እጁ ሥር ሌላ ካርቦን ተለጥፎበታል። አሲዱ ነፃዎቹን ጨብጦ ጨርሶ አሁን የታቀፉትን እየጠበቀ ነው። ቀመሩ ልክ ነው። እሳቱን አይንኩት።»

«እህትህ ናት ያለችው?»

«እሷ ናት» አልኩ፤ ማለትሽን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ካልወረደስ?»

«ለባለቤቱ እኔ ራሴ እደውላለሁ።»

ለካሁ። ያው ነው። የምሳ ደወል ተደወለ፤ የተነቃነቀ የለም፤ ሻለቃም ስልኩን በነፃው እጁ ይዞ ይጠብቃል። ልለካ ስጣደፍ ናሙናውን ጫማዬ ላይ ደፋሁትና እንደገና ቀድቼ ለካሁ።

«ወርዷል» አልኩ።

«ስንት?»

«ትንሽ። ግን ወርዷል።»

ሻለቃ ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል ነው ከረጢቱን እስካሁን እንደ ሕፃን አቅፎ መቆሙን ያየው።

ማምሻውን ጥርት ያለ ፖሊስተር ቀዳን። «እህትህ መቼ ነው የምትመለሰው?» ብሎ የጠየቀኝም እሱ ነው። እና ቦታሽ እንዳለ ነው፤ አትቸኩይ። ለደብዳቤዬ መልስ ብታዘገዪም አልቀየምም፤ አንቺም አንዱ እጅሽ እንደተያዘ አውቃለሁ።

ለነገሩ መርዶ የሚያሰኝ አልነበረም። የደረሰው ጉዳት ቢኖር ምሳችን መቀዝቀዙ ነው። የሻለቃን እኔ በላሁለት።

ሁለቱም እጁ ነፃ የሆነው ወንድምሽ